ሞርጎን (ቀይ ወይን ጠጅ)

ሞርጎን በምሥራቃዊ ፈረንሳይ፣ በቦጆሌ የወይን አምራች አካባቢ፣ ጋሜ ከተባለው የወይን ዝርያ የሚዘጋጅ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ስሙን ያገኘው ቪሊዬ-ሞርጎን ከምትባለው አነስተኛ የገጠር ከተማ ሲሆን፣ ከተማይቱ ከሊዮን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከሶን ወንዝ በስተምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ትገኛለች። ሞርጎን በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ቦታ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በቦጆሌ «ክሩ» ተብለው በራሳቸው ስም ከሚሸጡት 10 ወይን ጠጆችም አንዱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ትኩረት የተሰጠው በኦርጋኒክ መንገድ ለሚመረተው ሞርጎን፣ ለአቀማመሱና አብሮት ለሚቀርበው ምግብ ነው። ዛሬ «ተፈጥሯዊ ወይን ጠጅ» እየተባለ በብዙ አገር የሚታወቀው እንቅስቃሴ ዋና መነሻዎች ከሆኑት መካከል ይህች ከተማ ስለምትገኝበት፣ ስለ ኦርጋኒክ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ሞርጎን ጥሩ መነሻ ነው።

መሬቱና የወይኑ ዝርያ

የሞርጎን እርሻ በግምት 1,100 ሄክታር ይሸፍናል። አፈሩ በአካባቢው ሰዎች «የበሰበሰ ድንጋይ» ይባላል፤ እየተፈረካከሰ ወደ አፈርነት የሚለወጥ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ያለበት ሺስትና ግራናይት ነው። ቦታው ስድስት ታዋቂ ክፍሎች ሲኖሩት በጣም የሚታወቀው ኮት ዱ ፒ የተባለው ኮረብታ ነው። የዚህ ኮረብታ ድንጋይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አለት ሲሆን፣ ከእሱ የሚወጣው ወይን ጠጅ ከሌሎቹ ይልቅ ጠንከር ያለና ለብዙ ዓመት መቀመጥ የሚችል ነው።

ጋሜ ቆዳው ጥቁር፣ ጭማቂው ግን ነጭ የሆነ ወይን ነው። የዘር ምርመራ እንዳሳየው ወላጆቹ ፒኖ ኗርና ጉዌ ብላን የተባሉ ዝርያዎች ናቸው። ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ያፈራል። ይህ ብዙ ማፍራቱ በታሪክ ጉዳት አምጥቶበታል፦ እ.ኤ.አ. በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ጋሜ ጥራት የሌለው ተክል ነው ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ቡርጎኝ ለፒኖ ኗር ስትቀር፣ ጋሜ በስተደቡብ በቦጆሌ ግራናይት ላይ ተስማሚ ቦታውን አገኘ። ለገበሬው የማይመች የተባለው ተክል ድሃ አፈር ላይ ሲተከል ፍሬው ይቀንስና ጣዕሙ ይጠነክራል።

ሞርጎንን በየዓመቱ በኅዳር ወር ሦስተኛው ሐሙስ ከሚለቀቀው ቦጆሌ ኑቮ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ኑቮ በመከር ማግስት፣ ሳምንታት ብቻ አርጅቶ የሚጠጣ ነው። አሥሩ ክሩዎች ግን በኑቮነት መሸጥ አይፈቀድላቸውም።

አዘገጃጀቱ

ወይኑ የሚለቀመው በእጅ ነው፤ ምክንያቱም ዘለላው ሳይፈርስ ወደ ጋን መግባት አለበት። ከሥር ያሉት ፍሬዎች በላያቸው ካለው ክብደት የተነሣ ይጨፈለቃሉ፣ ጭማቂያቸውም በእርሾ መፍላት ይጀምራል። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋኑን ሞልቶ አየሩን ያስወጣል። ከላይ ያሉት ያልተጨፈለቁ ፍሬዎች ኦክስጅን ሲያጡ በራሳቸው ኢንዛይም፣ በቆዳቸው ውስጥ እንዳሉ መፍላት ይጀምራሉ። በዚህ ዓይነት 2 በመቶ ያህል አልኮል ካፈሩ በኋላ ይፈነዳሉ፣ የቀረውን ሥራ እርሾው ይጨርሳል። ዘዴው ከፊል ካርቦኒክ ማሴራሲዮን ይባላል።

ለቀማሽ ይህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ነገር ለመረዳት ነው። በፍሬው ውስጥ የሚካሄደው መፍላት ብዙ ሽታና ቀለም ሲሰጥ፣ ከዘርና ከቆዳ የሚወጣውን ታኒን ግን ብዙ አያበዛም። ሞርጎን ቀይ ሆኖ ሳለ አፍን የማያደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ወይን ጠጁ ተጨምቆ በአሮጌ የእንጨት በርሜል ወይም በሲሚንቶ ጋን ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። አዲስ በርሜል የሚጠቀሙ አምራቾችም አሉ፤ ሆኖም የቫኒላው ሽታ የፍሬውን ሽታ ስለሚሸፍነው ለጋሜ እምብዛም አይስማማውም።

ኦርጋኒክ ማለት ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኦርጋኒክ ወይን በፋብሪካ የተቀመመ ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-አረምና ማዳበሪያ ሳይነካው መብቀል አለበት። አንድ ገበሬ ከተለመደው እርሻ ወደ ኦርጋኒክ ለመዞር ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ በእነዚህ ዓመታት የኦርጋኒክን ወጪ እየከፈለ ምርቱን በኦርጋኒክ ስም መሸጥ አይችልም። ከዚያም በየዓመቱ ይመረመራል። በጠርሙሱ ላይ በከዋክብት የተሠራ አረንጓዴ ቅጠል የኅብረቱ ምልክት ሲሆን፣ ከ1985 ጀምሮ ያለው «አ.ቤ.» የሚለው ደግሞ የፈረንሳይ ነው።

እስከ 2012 ድረስ ግን ሕጉ ስለ ወይን ፍሬው እንጂ ስለ ወይን ጠጁ አይናገርም ነበር። ስለዚህ ጠርሙሶቹ «ከኦርጋኒክ ወይን የተሠራ» ከማለት አያልፉም ነበር። ከ2012 መከር ጀምሮ የአጠማመቁም ሥራ ሕግ ወጣለት። ከዋናዎቹ ገደቦች አንዱ ሰልፋይት ነው። ሰልፋይት ወይን ጠጁ በአየርና በባክቴሪያ እንዳይበላሽ የሚጨመር የድኝ ውህድ ሲሆን፣ ስኳር ለሌለው ተራ ቀይ ወይን ጠጅ በሊትር 150 ሚሊ ግራም ሲፈቀድ ለኦርጋኒኩ 100 ነው። በአሜሪካ ያለው ሕግ ይለያል፤ እዚያ «ኦርጋኒክ ወይን ጠጅ» ለመባል ምንም ሰልፋይት መጨመር አይፈቀድም። አንድ ጠርሙስ ፓሪስ ላይ ኦርጋኒክ ተብሎ ዋሽንግተን ላይ «በኦርጋኒክ ወይን የተሠራ» ሊባል የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። በሁለቱም አገር ሰልፋይቱ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም ከበለጠ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ በተለይ አንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ስለሚጎዱበት።

ኦርጋኒክ ማለት ምንም አይረጭም ማለት አይደለም። ወይን በዝናባማ ዓመት ሚልዲው የተባለ የቅጠል በሽታ ይይዘዋል። በሽታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የገባ ሲሆን፣ በ1880ዎቹ የቦርዶው ሊቅ ፒዬር-ማሪ-አሌክሲ ሚያርዴ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ እንደሚያቆመው አሳየ። የኦርጋኒክ ገበሬ ዛሬም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ችግሩ መዳብ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ እየተጠራቀመ ለምድር ትሎችና ለረቂቅ ነፍሳት ይጎዳል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ ግራም በሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። መዳብ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለማይገባ ዝናብ ሲመታው ይታጠባል፣ እንደገናም መረጨት አለበት። ክረምቱ ያለማቋረጥ የዘነበበት ዓመት ለኦርጋኒክ ገበሬ ምርቱን ወይም ፈቃዱን እንዲመርጥ የሚያስገድድ ሊሆን ይችላል።

በሞርጎን ሌላ ከባድ ነገር አለ፤ አረም። በቦጆሌ ወይን በባህሉ የሚተከለው ያለ ሽቦ፣ እንደ አጭር ቁጥቋጦ፣ በሄክታር እስከ 10,000 በሚደርስ ጥግግት ነው። ትራክተር በመካከሉ አያልፍም፤ ኮረብታውም ቀጥ ያለ ነው። ፀረ-አረም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲመጣ ገበሬው በደስታ የተቀበለው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ወገቡን ስላሳረፈለት ነው። ኦርጋኒክ መሆን ማለት ወደ መኮትኮቻው መመለስ፣ ወይም በፈረስ ማረስ፣ ወይም ረድፎችን ነቅሎ ማስፋት ማለት ነው። የጠርሙሱ ዋጋ ከፍ ሲል ሰው የሚከፍለው በአብዛኛው ለዚህ ጉልበት ነው።

ለውጡን የጀመሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዡል ሾቬ (1907–1989) በቦጆሌ የወይን ጠጅ ነጋዴና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሲሆን፣ ጤነኛ ፍሬ ተለቅሞ በንጽሕና ከተያዘ ያለ ሰልፋይትና ያለ ገበያ እርሾ ጥሩ ወይን ጠጅ እንደሚወጣ አስተማረ። የቪሊዬ-ሞርጎኑ ማርሴል ላፒዬር (1950–2010) በ1980ዎቹ መጀመሪያ ትምህርቱን ተከትሎ ፀረ-አረምንና የፋብሪካ ማዳበሪያን ተወ። ዣን ፎያር፣ ዣን-ፖል ቴቭኔና ጊ ብረቶን ተከተሉት። በጊዜው ጎረቤቶቻቸው እንደ እብድ ቢያዩአቸውም ዛሬ የእነሱ ጠርሙሶች በሞርጎን በጣም ከሚፈለጉት ናቸው። ፈረንሳይ በ2020 «ቫን ሜቶድ ናቱር» የሚለውን ስያሜ ስትፈቅድ መሠረቱ ይኸው አስተሳሰብ ነበር፦ ኦርጋኒክ ፍሬ፣ የእጅ ለቀማ፣ ከእርሻው የመጣ እርሾ፣ ሰልፋይት ቢበዛ በሊትር 30 ሚሊ ግራም።

ኦርጋኒክ መሆኑ ስለ አልኮሉ ምንም አይለውጥም። 13 በመቶ አልኮል ያለበት ባለ 75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ 77 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ይህም በፈረንሳይ አቆጣጠር ከ7 መጠጥ በላይ ነው። የፈረንሳይ የጤና ምክር ደግሞ በቀን ከ2፣ በሳምንት ከ10 መጠጥ አይብለጥ፣ ሳይጠጡ የሚያልፉ ቀናትም ይኑሩ ይላል። ባለሙያ ቀማሾች የሚተፉት ለዚህ ነው፤ በቅምሻ ቦታ መትፋት ነውር አይደለም።

አቀማመስ

ሞርጎን ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀርብ ይመረጣል። «ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት» የሚለው የድሮ ምክር የወጣው ማሞቂያ ባልነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይበቃዋል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ከሲሶው በላይ አይሞላም።

መጀመሪያ ዓይን ነው። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጎ ጠርዙን ማየት ነው። ወጣት ሞርጎን ደማቅ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ ሐምራዊ ያደላል፤ ሲያረጅ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ሰልፋይት ያልበዛበትና ያልተጣራ ከሆነ ትንሽ የደፈረሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው አፍንጫ ነው። ሳያንቀሳቅሱ አንዴ፣ ብርጭቆውን አዙረው ደግሞ አንዴ ማሽተት ይመከራል፤ የሁለቱ ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው። በወጣቱ ላይ የሚገኙት ቼሪ፣ እንጆሪ፣ የቫዮሌት አበባና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ናቸው። የሙዝ ከረሜላ የሚመስል ሽታ ከበዛ በኑቮ አሠራር የተቻኮለ ወይን ጠጅ ነው፤ በጥሩ ሞርጎን ላይ አይጠበቅም። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ኪርሽ የሚባለውን የቼሪ አረቄ፣ የደረቀ ፕሪምን፣ የረጠበ የደን ቅጠልን መሽተት ይጀምራል። የአገሩ ሰዎች ለዚህ ለውጥ ከቦታው ስም ግስ አውጥተውለታል፤ ወይን ጠጁ «ሞርጎነ» ይላሉ። በዚህ ዕድሜው ከፒኖ ኗር ለመለየት ያስቸግራል፤ ፒኖ ኗር ወላጁ መሆኑን ስናስታውስ ብዙም አይገርምም።

ቼሪን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ከዝርዝሩ ጋር መጨነቅ የለበትም። እነዚህ ቃላት ከአውሮፓውያን ጓዳ የተወሰዱ ማነጻጸሪያዎች ናቸው፤ የበሰለ ፕሪም ወይም የእንጆሪ ማርማላታ ትዝ ካለው ያው ልክ ነው። ቃላቱ ምን ያህል በዓይን እንደሚመሩ በቦርዶ የተደረገና በ2001 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። 54 የወይን ጠጅ ጥናት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ጠጅ ቀረበላቸውና በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገለጹት።

ሦስተኛው አፍ ነው። ትንሽ ጎንጨት አድርጎ በምላስ ላይ ማንከባለል፣ ከዚያ አራት ነገር መጠየቅ ይቻላል። ምራቅ ያመጣል ወይ? ይህ አሲዱ ነው፣ በሞርጎንም ሕያው ነው። ድድና ጉንጭን ያደርቃል ወይ? ይህ ታኒን ነው፤ ወተት ያልገባበት፣ ብዙ የቆየ ሻይ አፍ ላይ የሚተወውን ስሜት ያህል ነው። ታኒን በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ ምራቅ ማለስለሱን ያቆማል። ሞርጎን ከቦጆሌ ወይን ጠጆች መካከል ታኒኑ ጎላ ያለ ቢሆንም ከካበርኔ ወይም ከሲራ ጋር አይወዳደርም። በዝዋይ ከሚመረቱት የሲራና የካበርኔ ቀዮች ጋር የተለማመደ ሰው መጀመሪያ ላይ «ቀጠነ» ሊለው ይችላል። ሦስተኛው ጥያቄ ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ሙቀት ሲሆን ይህ አልኮሉ ነው። አራተኛው ጣዕሙ ከተዋጠ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ነው፤ በተራና በጥሩ ጠርሙስ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ኦርጋኒክ መሆኑ በጣዕም ይታወቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። ከብርጭቆ ብቻ ገበሬው ምን እንደረጨ ማወቅ አይቻልም። ቀማሽ የሚያውቀው የጠማቂውን ሥራ ነው፦ ሰልፋይት የቀነሰበት ወይን ጠጅ ፍሬው ይበልጥ ክፍት፣ ግን ጉዳት የሚያገኘው ቶሎ ይሆናል።

ጉድለቶቹ

የሆምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ማለት አሴቲክ አሲድ በዝቷል ማለት ነው። የፈረስ ላብና የጋጣ ሽታ የሚመጣው ብረታኖማይሰስ ከተባለ እርሾ ነው፤ በጥቂቱ የሚወዱት አሉ። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ጥፋቱ የቡሹ ነው፣ የአምራቹም አይደለም። ከሁሉ የሚያስቸግረው «አይጥ» የሚባለው ጉድለት ነው። በአፍንጫ አይሸትም፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ምራቅ አሲዱን ሲያበርደው የአይጥ ጎጆ የመሰለ ጣዕም ከኋላ ይመጣል። በዋነኛነት የሚታየው ሰልፋይት ባልገባባቸው ወይን ጠጆች ላይ ሲሆን አንዳንድ ሰው ፈጽሞ አይሰማውም። ጠርሙሱ ሲከፈት ምላስ ላይ የሚቆነጥጥ ትንሽ ጋዝ ግን ጉድለት ሳይሆን ከመፍላት የቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ ሩብ ሰዓት ማቆየት ያስወጣዋል።

ከምግብ ጋር

ሞርጎን የሊዮን ገበታ ወይን ጠጅ ነው። «ቡሾን» በሚባሉት የከተማይቱ ትናንሽ ምግብ ቤቶች የቦጆሌ ወይን ጠጅ ታቹ ወፍራም በሆነ፣ 46 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ «ፖ» በሚባል ጠርሙስ ይቀርባል። እዚያ የሚበላው ስብ የበዛበት ነው፦ የደረቀ ቋሊማ፣ ከሆድ ዕቃ የሚሠራ አንዱዬት፣ ጨው የገባበት የአሳማ ሥጋ ከምስር ጋር። ስቡ አፍን ሲሸፍነው አሲዱ ያጸዳዋል፤ ጨዉ ደግሞ የወይን ጠጁን ፍሬ ያጎላዋል። አሳማ ለማይበላ ሰው የበሬ ቋሊማ ወይም ከምስሩ ጋር የተቀቀለ የበሬ ደረት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከቡርጎኝ የመጡት ሁለት ምግቦችም በጣም ይስማሙታል። አንዱ በቀይ ወይን ጠጅ የሚሠራው የዶሮ ወጥ፣ ኮኮቫን ነው፤ ዶሮው ከእንጉዳይና ከትናንሽ ሽንኩርቶች ጋር ቀስ ብሎ ይበስላል። ሌላው በቀይ ወይን ጠጅ ስጎ ውስጥ የሚቀርብ እንቁላል ሲሆን፣ የእንቁላል አስኳል ምላስን ስለሚሸፍን ብዙ ወይን ጠጆችን ያጠፋል። እዚህ ግን ስጎው ድልድይ ይሆናል። ለዕለት ተዕለት ገበታ የተጠበሰ ዶሮ፣ ዳክዬና እንጉዳይ ይበቁታል። ጠንካራ የኮት ዱ ፒ ጠርሙስ ከሆነ የተጠበሰ የበሬ ሥጋም ይችላል፣ ምክንያቱም ታኒኑ በሥጋው ፕሮቲን ስለሚለሰልስ።

ከፎርማጆ ሳን-ማርስለን የተባለው ለስላሳ የዶፊኔ አይብ የተለመደ ጓደኛው ነው። የሊዮኖች «ሰርቬል ደ ካኑ» ከነጭ ሽንኩርትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር የተመታ ትኩስ አይብ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊ በላተኛ ከአይብ በጎመን ብዙም አይርቅም። ሰማያዊ ሻጋታ ያለባቸው ፎርማጆዎች ግን መራራነቱን ያወጡበታል። ጣፋጭ ምግብም አይስማማውም፤ ከወይን ጠጁ ይልቅ የጣፈጠ ማንኛውም ነገር ሞርጎንን ኮምጣጣ ያደርገዋል።

በርበሬ ያለበት ምግብ የራሱ ሕግ አለው። አልኮልና ታኒን የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ ስለዚህ ከዶሮ ወጥ ወይም ከቀይ ሥጋ ወጥ ጋር ወይን ጠጅ የሚቀርብ ከሆነ ታኒኑ ያነሰ፣ አልኮሉ ከ13 በመቶ ያልበለጠ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጋሜ ከወፍራም ቀይ ይሻላል። እዚህ ላይ ከሞርጎን ይልቅ ቀለል ያለው ጎረቤቱ ሺሩብል ሳይመረጥ አይቀርም። ሚጥሚጣ ከበዛበት ግን የትኛውም ቀይ ወይን ጠጅ አያዋጣም።

አቀማመጥ

ተራ ሞርጎን በ2 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል፤ ከኮት ዱ ፒ የወጣና ዓመቱ የተሳካለት ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ሰልፋይት የሌለበት ጠርሙስ ከ14 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ የቀሩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ይነቃሉ። በሞቃት አገር በመርከብ ኮንቴይነር የመጣ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲገዛ አስመጪው በማቀዝቀዣ ማጓጓዙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተከፈተ በኋላ ቡሹ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ለ2 ወይም 3 ቀን ይጠጣል። አንዳንዱ በማግስቱ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል፤ ተዘግቶ የነበረው ሽታ አየር ሲያገኝ ስለሚከፈት።